ልጆቻችን ያጡት ትንፋሽ ሳይሆን የመጀመሪያዋን 10 ሜትር ነው

ለሰፈራችን ነዋሪዎችና ለማህበራችን አባላት በሙሉ፤

እንደሚታወቀው የስፖርት ኮሚቴያችን ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ለጥፏል። ወረቀቱ ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ አሁንም ስላለ ያላነበባችሁ መጀመሪያ እሱን አንብቡና ወደዚህ ተመለሱ። እኔ ሰውን በሌለበት የማማ አይደለሁም። የምቃወመውን ነገር ጎን ለጎን እያያችሁ እናንተው ፍረዱ።

ማስታወቂያው ባጭሩ የሚለው ይህንን ነው። የወጣት ቡድናችን በፍጻሜው ጨዋታ 2 ለ 0 የተሸነፈው ልጆቹ ትንፋሽ ስለሌላቸው ነው። ስለዚህ ከመጪው ወር ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስተው እስከ እንጦጦ ማርያም ሮጠው ይወጣሉ፣ ሮጠው ይመለሳሉ። ያረፈደ 10 ዙር ይቀጣል። ማህበሩ ደግሞ ለፍጥነት ማሰልጠኛ የሚሆን መሬት ላይ የሚዘረጋ የገመድ መሰላል፣ ኮንና ከወገብ የሚታሰር ፓራሹት ይግዛ። ይህንን ሁሉ በቃለ ጉባኤ አስፍሬ ማህተም እንድመታበት ተጠይቄአለሁ።

አልመታሁም። ማህተሙ እኔ ጋ ስላለ ልቤ አብጦ አይደለም፤ ጠቅላላ ጉባኤው ያልወሰነው ገንዘብ ስለማይወጣ ነው። ገንዘቡ ቢቀር እንኳ ሐሳቡ ራሱ ከስሩ የተሳሳተ ነው። ይህንን ዝም ብዬ ባልፈው ነገ የሚጎዱት የናንተው ልጆች ናቸው።

«ሴትዮዋ ስለ ኳስ ምን ታውቃለች?» የሚል ወሬ ከወዲሁ ደርሶኛል። የተባለው እውነት ነው፣ ትምህርቴ እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ነገር ግን የዚህን ቡድን ማሊያ ዘጠኝ ዓመት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጭቃው የት ጋ እንዳለ አይቼ ማን በየት በኩል እንደወደቀ እነግራችኋለሁ። ያላወቅሁትን ደግሞ የሰፈራችን ልጅ የሆነውን የስፖርት መምህር ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ቡና አስፈልቼ ጠይቄዋለሁ። እሱም ያነበበውን እያነበበልኝ፣ ያልገባኝን እየደገመልኝ ሦስት ምሽት አስተምሮኛል። የምጽፈው ያንን ነው።

እስቲ ከጨዋታው እንነሳ። የመጀመሪያው ጎል የገባው በ11ኛው ደቂቃ ነው። በ11 ደቂቃ ትንፋሹ የሚያልቅበት የ17 ዓመት ልጅ ካለ ሐኪም ቤት እንጂ እንጦጦ አይላክም! የሆነውን ያየ ሁሉ ያስታውሳል። ኳሷ ከተከላካያችን ጀርባ ወደቀች፣ የነሱ አጥቂና የኛው ልጅ እኩል ቆመው ነበር፣ እኩል ተነሱ፤ አጥቂው ግን በአንድ ትከሻ ቀድሞ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት ሜዳው ባዶ ሳለ ሄጄ በእርምጃዬ ለካሁት። ልጁ ከቆመበት ኳሷ እስካረፈችበት 14 እርምጃ ነው። ሁለተኛው ጎልም ያው ነው፣ እንዲያውም ያነሰ ነው። እኛ ፍጻሜውን የተሸነፍነው በ14 እርምጃ ውስጥ ነው። ታዲያ ለ14 እርምጃ በሽታ እንጦጦ ድረስ መሮጥ ምን የሚሉት መድኃኒት ነው? ጥርሱን ላመመው ሰው እግሩን እንደማሸት ነው እኮ!

እግር ኳስ ሩጫ መሆኑን አልክድም። በትልልቅ ሊጎች አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ነገር ግን «ይሄዳል» የሚለው ቃል ይሰመርበት። አብዛኛው እርምጃና ዱብ ዱብ ነው። ባለ በሌለ ኃይል ተፈትልኮ የሚሮጠው ከጠቅላላው ጥቂቱን ሲሆን፣ አብዛኛው ፍትለካም ከ20 ሜትር አይበልጥም፤ ከሁለት እስከ አራት ሰከንድ ያህል ነው። ጨዋታውን የሚወስነው ግን ይኸው ጥቂቱ ነው። በ2004 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2012) የወጣ አንድ ጥናት በጀርመን ቡንደስሊጋ የተቆጠሩ 360 ጎሎችን በቪዲዮ ተመልክቷል። ጎል አግቢዎቹ ጎሉ ከመቆጠሩ በፊት በብዛት ያደረጉት ነገር ቀጥ ያለ ፍትለካ ሆኖ ተገኝቷል፣ ከመቶው 45 ያህሉ። ከመዝለሉም፣ ከመታጠፉም በላይ ማለት ነው። ያውም ብዙውን ጊዜ ኳስ ሳይዙ።

አሁን ደግሞ ሥጋ ውስጥ ምን እንደሚሆን መምህራችን እንዳስረዳኝ ላስረዳችሁ። ጡንቻችን ሁለት ዓይነት ክር አለው። አንደኛው ቶሎ የማይደክም፣ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ሌላው ፈጣንና ኃይለኛ ሆኖ ቶሎ የሚደክም ነው። ቀስ ብለህ ረጅም ስትሮጥ የሚሠራው በዋናነት የመጀመሪያው ነው። ፈጣኑ ክር የሚነቃው ባለህ ኃይል በሙሉ ስትነሳ ነው። የእንጦጦ ዳገት ላይ በዱብ ዱብ አንድ ሰዓት የወጣ ልጅ ዘገምተኛውን ክር ሲያሠለጥን ቆይቶ መጣ እንጂ ፈጣኑን አልነካውም። ይባስ ብሎ ረጅም ሩጫ ሲበዛ የጉልበትና የፍጥነት ልምምድ የሚያመጣውን ውጤት ያደበዝዘዋል። ልጁ ድካም ላይ ድካም ተሸክሞ ከሰዓት ልምምድ ይመጣል፤ ከዚያ «ለምን ቀርፋፋ ሆንክ?» ተብሎ ይሰደባል። ቀርፋፋ ያደረጋችሁት እናንተው አይደላችሁም እንዴ?

ይህ ነገር በኔ ላይ ስለደረሰ ነው የሚያንገበግበኝ። ተማሪ ሳለሁ የ100 ሜትር ሯጭ ነበርኩ፤ ከክፍሌ ወንዶቹን ጭምር እቀድም ነበር። የስፖርት አስተማሪያችን ግን «ኢትዮጵያዊ የሚያሸንፈው በረጅም ነው» ብሎ ከትልልቆቹ ጋር ሜዳውን ብዙ ዙር ያስሮጠኝ ጀመር። በአንድ ዓመት ውስጥ በአጭሩም በረጅሙም የማልረባ ሆንኩ። በኋላ ሩጫውም ትምህርቱም ቀረ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሰማውን ነው ያደረገው። ኮሚቴያችንም ክፉ አይደለም፣ እሱም የሰማውን ነው የሚያደርገው። ግን ያኔ የሰማነውን እስከ መቼ እንደግማለን?

አንድ የኮሚቴው አባል በስብሰባ ላይ የተናገሩትን እዚሁ ልመልስ። «የኛ አገር ሰው ለአጭር ሩጫ አልተፈጠረም፣ አየሩም አይፈቅድም» ብለዋል። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፤ ንግግሩን ግን አልቀበልም። ስለ አየሩ ከሆነ ነገሩ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። በ1961 ዓ.ም. ኦሎምፒክ የተደረገባት ሜክሲኮ ከተማ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የተቸገሩት ረጅም ርቀት የሮጡት ናቸው፤ በ100 ሜትር ግን ጂም ሃይንስ 9.95 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ስስ አየር ለሯጭ ብዙ አይከለክለውም፤ የአጭር ርቀት ሯጭ ደግሞ ሮጦ እስኪጨርስ ድረስ አየር ብዙም አይጎድለውም። አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ትበልጣለች። የኛ ከፍታ የሚጎዳው ሌላ ነገርን ነው፣ በሁለት ፍትለካ መካከል ማገገምን። ስለዚህ ልጆቻችን ከቆላ ልጆች የበለጠ እረፍት ይፈልጋሉ ማለት ነው፣ ያነሰ አይደለም። (በዚያው ሜክሲኮ ማራቶኑን ማሞ ወልዴ ማሸነፉን አውቃለሁ። እሱ ስለ ማሞ ነው የሚናገረው፣ ስለ ከፍታው አይደለም።)

ስለ ተፈጥሮው ከሆነም፣ ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ያመጣው በምን ነበር? መጨረሻ ላይ ማርሽ ቀይሮ በመፈትለክ አይደለም ወይ? ኃይሌ ገብረሥላሴስ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው 10,000 ሜትር ሙሉ አብሮት ሮጦ በመጨረሻ በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። እርግጥ ያ ፍጥነት ከቆመበት ተነስቶ ኳስ ጋ የመድረስ ፍጥነት አይደለም፤ አላምታታም። ግን «አልተፈጠርንም» የሚለውን ወሬ ለመዝጋት ይበቃል።

«ፍጥነት የተፈጥሮ ስጦታ ነው፣ አይማርም» የሚሉም አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ከሰፈራችን ቦልት አይወጣም። ነገር ግን የቦልትን ሩጫ ራሱን እንየው። በ2001 ዓ.ም. ነሐሴ በርሊን ላይ 9.58 ሲሮጥ የመጀመሪያዋን 10 ሜትር በ1.89 ሰከንድ ነው የጨረሰው፤ ሁለተኛዋን 10 ሜትር ግን በ0.99። ከተኩሱ በኋላ ለመንቃት የፈጀበትም በመጀመሪያዋ ውስጥ የተቆጠረ ነው። ከፍተኛው ፍጥነቱ ላይ የደረሰው ከ60 ሜትር በኋላ ነው። እንግዲህ የዓለም ፈጣኑ ሰው 60 ሜትር ፈጅቶበት የሚደርስበት ፍጥነት ለኛ ተከላካይ ምኑም አይደለም፤ እሱ ያለችው 14 እርምጃ ናት። በዚያች ውስጥ ዋናው ነገር መሬትን ምን ያህል ጠንክሮ፣ ወደየትስ አቅጣጫ እንደሚገፋ ነው። ይህ ደግሞ ይማራል፣ ጉልበቱም ይገነባል። ብዙ ማትረፍም አያስፈልግም። በሰከንድ 7 ሜትር የሚሮጥ ልጅ 5 መቶኛ ሰከንድ ቢያሻሽል 35 ሳንቲ ሜትር ይቀድማል። 35 ሳንቲ ሜትር ማለት አንድ ትከሻ ነው። እኛ የተሸነፍነው በአንድ ትከሻ ነው።

አነሳሱን ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ ባትሪው የሞተ ሚኒባስ ገፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ሚኒባስ ስትገፉ ቀጥ ብላችሁ ትቆማላችሁ? ሰውነታችሁ ከቁርጭምጭሚት እስከ ራስ አንድ ሆኖ ወደፊት ያዘነብላል፤ እግራችሁ ከሰውነታችሁ በታችና በኋላ እያረፈ መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ እርምጃችሁም አጭርና ጠንካራ ነው። ማንም እግሩን ወደፊት ወርውሮ ሚኒባስ የሚገፋ የለም። ልጆቻችን ግን ሜዳ ላይ የሚያደርጉት ያንን ነው። በመጀመሪያዋ እርምጃ ቀና ይላሉ፣ ሰፊ ይራመዳሉ፣ ተረከዛቸው ከፊታቸው ያርፋል። ከፊት ያረፈ እግር ፍሬን ነው። በየእርምጃው ፍሬን እየያዘ የሚነሳ ልጅ እንዴት ይቀድማል? ክንዱም ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ክንድ ከትከሻ ወደ ኋላ ጠንክሮ ካልተወነጨፈ እግርም አይወነጨፍም። ቀና ማለት ያለበት ቀስ በቀስ፣ ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ ነው። ይህንን ያየሁት በወንድሜ ልጅ ስልክ ቀርጸን፣ ቪዲዮውን አዘግይተን ነው። እናንተም ማየት ትችላላችሁ፣ ስልኩ እኔ ቤት አለ።

ስለ ገመድ መሰላሉ። እዚህ ላይ በጣም ነው የተናደድኩት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። መሰላሉን በቴሌቪዥን አይታችሁታል፣ ትልልቅ ቡድኖች ከጨዋታ በፊት ጥክ ጥክ ጥክ እያሉ በመካከሉ ያልፋሉ። ያምራል፤ ውዝዋዜም ያምራል። ለማሟሟቂያ፣ ለትንንሽ ልጆችም እግርን ለማቀናጀት አይከፋ ይሆናል። ነገር ግን መሰላሉ ውስጥ ልጁ የሚያደርገው እግሩን በቶሎ ማንሳትና ማስቀመጥ ነው፤ መሬቱን አይገፋም። ቶሎ ቶሎ የሚረግጥ እግርና ጠንክሮ የሚገፋ እግር የተለያዩ ናቸው። ከፊታችሁ ያለውን ሚኒባስ በጥክ ጥክ ሞክሩታ! ፓራሹቱ ደግሞ ብዙ የሚይዘው ፍጥነት ሲጨምር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ላይ ምንም አይሠራም፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ እነሱኑ ነው። ለዚህ ነው የእድሩን ሳጥን የምንከፍተው? ከጎሚስታው የማይፈለግ አሮጌ ጎማ በገመድ ታስሮ ከወገብ ቢጎተት የበለጠ ይሠራል፣ ዋጋውም ከልመና አይበልጥም። ጎሚስታውን ጠይቄዋለሁ፣ ሁለት ጎማ ሰጥቶናል፤ እግዜር ይስጥልን።

አሁን ወደ ትልቁ ጥል እመጣለሁ፤ እሱም እረፍት ነው። ልጆቹ አንድ ጊዜ ተፈትልከው ሮጠው ቆመው ሲተነፍሱ ከአጥሩ ውጭ የቆመው ሰው ሁሉ «ሰነፍ! ለምን ቆማችሁ?» ይላል። አሰልጣኙም ይሉኝታ ይዞት ወዲያው ያስሮጣቸዋል። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጡንቻ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚበቃ ፈጣን ነዳጅ አለ፤ እንደ በርሚላችን ነው። በአንድ ጊዜ ይገለበጣል፣ ለመሙላት ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ በደንብ ሊሞላ ሦስት ደቂቃና ከዚያም በላይ። በርሚሉ ሳይሞላ መልሳችሁ ብትቀዱ የሚወጣው ጠብታ ነው። በጠብታ የሚሮጥ ልጅ በሙሉ ፍጥነቱ አይሮጥም፤ በሙሉ ፍጥነቱ ካልሮጠ ደግሞ ፍጥነት አይማርም፣ መድከምን ነው የሚማረው። በአሰልጣኞች ዘንድ የታወቀው ልክ ለእያንዳንዱ 10 ሜትር አንድ ደቂቃ ያህል ማረፍ ነው። 20 ሜትር የሮጠ ሁለት ደቂቃ ይቆማል፤ ቆሞ ያወራል፣ ይስቃል፣ ውሃ ይጎነጫል። ከአጥሩ ውጭ ያላችሁ፣ በናታችሁ፣ ያኔ ዝም በሉ። እየሠሩ ነው።

አንድ አሳዛኝ ነገር ላንሳ። ባለፈው ዓመት አንዱ ልጃችን የጭኑ የኋላ ጡንቻ የተቀደደው እንዴት ነበር? ጠዋት ረጅም ዳገት ሮጧል፣ ቁርስ በቅጡ አልበላም፣ ከሰዓት በልምምዱ ማብቂያ ላይ፣ እግሩ እንደ እንጨት ደርቆ ሳለ፣ «አሁን ደግሞ ፍጥነት!» ተባለ። በሦስተኛው ሩጫ ተፈትልኮ ሲሄድ በጥይት እንደተመታ ሰው ጭኑን ይዞ ወደቀ። ወዲያው ወጌሻ ተጠርቶ ጠንክሮ አሸው። በደረቅ ጡጫ! አዲስ የተቀደደ ጡንቻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኃይል መታሸትም መሞቅም የለበትም፣ ውስጥ ውስጡን ይደማል። ወጌሻችንን አልወቅስም፣ የተሰበረ ጣት ስንቴ አቃንቶልናል፤ ግን ይህ የሱ ሥራ አልነበረም። ልጁ ወራት ሙሉ አነከሰ። እናቱ ይህንን እያነበበች ይሆናል፤ ያንን ቀን ከሜዳው እስከ ቤት ደግፈን ያመጣነው እኔና እሷ ነን፤ ማታ በራፏ ላይ ተቀምጠን «ማን ነው የሚጠየቀው?» ብላኝ መልስ አጣሁላት። ፍጥነት የሚሠራው በልምምዱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ልጁ ትኩስ ሳለ፣ በደንብ ካሟሟቀ በኋላ። መጨረሻ ላይ የሚጨመር ቅጣት አይደለም።

መከላከያውም ይታወቃል። ልጁ ምንጣፍ ነገር ላይ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቶቹን ጭብጥ አድርጎ ይይዝለታል፤ ከዚያ ወገቡን ሳያጥፍ እንደ ዛፍ ቀስ ብሎ ወደፊት ይወድቃል፣ የቻለውን ያህል በጭኑ እየያዘ፤ መጨረሻ ላይ በእጁ መሬት ይቀበላል። ኖርዲክ ይሉታል። ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ይህንን የሚሠሩ ቡድኖች የጭን ጡንቻ ጉዳታቸው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ዋጋው ስንት ነው? ምንም። ፊፋም 11 ፕላስ የሚል የማሟሟቂያ ሥርዓት አውጥቷል፤ ወደ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን ኖርዲኩም በውስጡ አለበት። ኳስና ሜዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። የዓለሙ እግር ኳስ ማህበር በነጻ የሰጠንን ትተን በገንዘባችን መሰላል እንግዛ?

በቅንነት ለመናገር ትንፋሽ አያስፈልግም አላልኩም። በ80ኛው ደቂቃም መፈትለክ የሚችለው ቶሎ የሚያገግም ልጅ ነው። ግን ለዚያም ቢሆን እንጦጦ መሄድ ግዴታ አይደለም። ሜዳውን አጥብቦ 4 ለ 4፣ አራት አራት ደቂቃ እያረፉ ማጫወት ትንፋሹንም ይሠራል፣ ኳሱንም ያስለምዳል፣ ልጆቹም ይወዱታል። እንጦጦ ለመሳለምና ለአየር ጥሩ ነው፤ በወር አንዴ አብረን እንውጣ፣ እኔም እወጣለሁ፣ ቆሎ ይዤ።

በመሆኑም ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እያረፉ፣ ከማሟሟቂያው በኋላና ከኳሱ በፊት 25 ደቂቃ ለፍጥነት ይሰጥ። አንዱ ቀን 10 ሜትር አምስት ስድስት ጊዜ፣ 20 ሜትር ሦስት አራት ጊዜ፤ በድምሩ ከ150 ሜትር ብዙም አይበልጥም። አዎ፣ ትንሽ ነው፣ ትንሽ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ሌላው ቀን በጎማው፣ ወይም ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለችው ሣር ያላት አጭር ዳገት 15 ሜትር ሽቅብ፤ ዳገት ልጁን ሳይወድ ያዘነብለዋል፣ መግፋትን ያስተምረዋል። ኮብልስቶኑ ላይ ግን በፍጹም አይሮጥ፣ በክረምት ደግሞ ጭራሽ። አነሳሱም አንድ ዓይነት አይሁን፤ ኳስ ተጫዋች እንደ ሯጭ ተንበርክኮ ተኩስ አይጠብቅም። ጀርባውን ሰጥቶ ዞሮ፣ ወደ ጎን እየተንሸራተተ፣ ዱብ ዱብ እያለ፣ ወድቆ ተነስቶ፣ አንዳንዴም ሁለት ሁለት ሆነው የተወረወረች ኳስ እየተሻሙ ይሁን። ፉክክር ሲኖር ነው ልጅ ያለውን የሚያወጣው። መቆምንም ይለማመዱ፤ ከሙሉ ፍጥነት በሦስት እርምጃ መቆም የማይችል ልጅ ጉልበቱ ይከፍላል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ጊዜ የጉልበት ሥራ፤ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ አንድ እግር አራምዶ መንበርከክ፣ ጓደኛ ተሸክሞ ደረጃ ላይ መውጣት፣ ኖርዲክ፣ ከቆሙበት ወደፊት መዝለል። የ13ና የ14 ዓመቶቹ በአንድ ክረምት ቁመታቸው የሚመዘዝበት ጊዜ ስለሆነ በጥቂቱ ይጀምሩ፣ ሸክሙም ለነሱ ይቅር። ቅጣት ሩጫ ፈጽሞ ይቅር። ያረፈደ ማሊያ ይጠብ፤ እኔም እፎይ እላለሁ።

መሻሻሉ በወሬ አይለካ። በእጅ የሚያዝ ሰዓት አይታመንም፣ ጣት ትዘገያለች፤ የጣቷ ስህተት እኛ ከምንፈልገው ለውጥ ይበልጣል። ስልክ ግን በሰከንድ 30 ምስል ይቀርጻል፤ ልጁ እግሩን ካነሳበት ምስል ደረቱ 10 ሜትሯን እስካለፈበት ምስል ድረስ ያለውን ቆጥሮ ለ30 ማካፈል ነው። ይህንን እኔ በ6ኛ ክፍል ሒሳቤ እሠራዋለሁ። ልጁ ባረፈበት ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጫማ፣ በየስድስት ሳምንቱ እንለካለን፤ ውጤቱን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። ካልተሻሻሉ ወረቀቱን ራሴ ቀድጄ፣ መሰላሉን ራሴ ገዝቼ፣ በራሴ እግር እንጦጦ እወጣለሁ።

የስፖርት ኮሚቴው አባላት መልስ ካላችሁ ቦታ አለ፣ በግራ በኩል ባዶ ትቼላችኋለሁ። ጠቅላላ ጉባኤው የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በእድሩ ቤት ይሰበሰባል። ወንበር ስለማይበቃ ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ። ከስብሰባው በፊት፣ 8 ሰዓት ላይ፣ የድንኳን ገመድ ሜዳው ላይ ዘርግቼ 10 ሜትር በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቼ አስምርበታለሁ። ማረጋገጥ የሚፈልግ ልጁንና ስልኩን ይዞ ይምጣ። ጎማዎቹ እኔ በር ላይ ናቸው፤ ልጆች ማታ ማታ እያንከባለሉ እየወሰዷቸው ስለሆነ ወላጆች እባካችሁ ተቆጡልኝ።

የማህበሩ ጸሐፊ